ዘሩም ስሙም የሄደበት ጫካ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሚዛን ተፈሪ የደረሰ ሰው፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ የሚያገኘውን ቡና ሰው የተከለው አይመስለውም። አንዳንዱንም በእርግጥ ማንም አልተከለውም። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራውና ቀረሮው ጥላ ይዘረጋሉ፤ ከሥር ኮረሪማው መሬቱን ይሸፍናል፤ በመካከሉ ቡናው ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖና ረዝሞ ይቆማል። ወፉና ጦጣው ፍሬውን በልተው ዘሩን ይጥላሉ፣ ዝናቡ ያበቅለዋል።

የዚህ ጫካ ታሪክ ከሰው ታሪክ ይቀድማል። አረቢካ የምንለው ቡና የተገኘው ሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው ነው፤ በ2024 የወጣ የዘረ መል ጥናት ጊዜውን ወደ 600 ሺህ ዓመት ግድም ወደ ኋላ ይወስደዋል። የዓለም እርሻዎች የያዙት አረቢካ ከጥቂት እናት ዛፎች የወረደ በመሆኑ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንችና በማጂ ጫካዎች ያለው ግን ዛፍ ከዛፍ ይለያል፦ አንዱ ሰፊ ቅጠል፣ አንዱ ጠባብ፤ አንዱ ክብ ፍሬ፣ አንዱ ሹልና ረጅም።

የቤንች፣ የሸኮ፣ የሜኢኒት፣ የካፋ፣ የሸካና የመዠንግር ሕዝብ ከዚህ ዛፍ ጋር የኖረው ገበያው ሳይመጣ ነው። በአካባቢው እስከ ዛሬ የሚጠጣው ጨሞ ከፍሬው አይሠራም፤ ከቅጠሉ ነው። እርጥቡ የቡና ቅጠል ይወቀጣል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሚጥሚጣና ጨው ይገባበታል፤ ፈልቶ በትኩሱ ይቀዳል። ቡናውን ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚያውቅ ሰው፣ የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚደርስና የትኛው ዛፍ ለምን እንደሚሆን ያውቃል። ይህ እውቀት ግን በአፍ የሚኖር ነበር፤ የሚጽፈው አልነበረም።

በሌላ የዓለም ጥግ ሰዎች ይህንኑ ዓይነት እውቀት በድንጋይ አጥር መክበብ ጀምረው ነበር። በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ በሚባለው አገር፣ የሲስተርሲያን መነኮሳት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ክሎ ደ ቩዦን የመሳሰሉ የወይን እርሻዎችን አቀኑ። እንደሚነገረው፣ ከአንድ ዳገት የተለቀመን ወይን በአንድ በርሜል አላቀላቀሉም፤ ከላይኛው እርከን የመጣውን ለብቻ፣ ከመካከለኛው ለብቻ፣ ከታችኛው ለብቻ እየጠመቁ ቀመሱ። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት፣ ውኃ የማይተኛበት የዳገቱ ወገብ ከሁሉ የላቀ ወይን እንደሚሰጥ ለዩ። በ1395 የቡርጎኙ መስፍን ፊሊፕ ብዙ የሚያፈራውን ጋሜ የተባለ የወይን ዓይነት እንዲነቀል አዘዘ፤ ለምርጡ ቀይ ወይን ፒኖ ኗር ብቻ ቀረ። እንግዲህ ዘሩ አንድ ከሆነ የጣዕሙ ልዩነት ከየት ይመጣል? ቡርጎኞች መልሱን ከመሬቱ አገኙት። እርሻቸውን ከ1,200 በላይ በሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ስም ባላቸው ቁራጮች ከፋፈሉት።

ከነዚህ ሁሉ ስሟ የገነነው ሮማኔ ኮንቲ 1.8 ሄክታር ገደማ ብቻ ናት። በ1760 የኮንቲ መስፍን ገዝቷት ስሙን አወረሳት። ወይኗ ቀለሙ ከብዙ ቀይ ወይን የሣሣ ነው፤ የጽጌረዳና የቀይ እንጆሪ ሽታ አለው፤ ሲያረጅ ደግሞ የእርጥብ ቅጠልና የእንጉዳይ ጠረን ያወጣል። ከጎኗ፣ የእግር መንገድ ብቻ የሚለየው እርሻ ያው ፒኖ ኗር ነው፤ ዋጋው ግን እኩል አይደለም።

ወደ ጫካችን እንመለስ። በ1897 የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ካፋን ያዘ፤ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረከ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቡናው ግብርም ንግድም ሆነ። ከደቡብ ምዕራብ የወጣው ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ ጅማ ተጋዘ፤ ከኢሉባቦር በኩል ያለው በጋምቤላ ወደብ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ወረደ። ነጋዴው በፈረሱላ ይመዝናል፤ የማጂው ከቤንቹ፣ የደጋው ከቆላው በአንድ ጆንያ ይገባል። ቡናው መርከብ ላይ ሲወጣ ያደገበት ኮረብታ ስም አብሮት አልነበረም።

በ1931 ግን የኮረብታው ስም በወረቀት ላይ ሠፍሮ ድንበር ተሻገረ። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች በማጂ ቆንስላ ነበራቸው፤ ቆንስሉ ሪቻርድ ዋሊ ይባል ነበር። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው ኬንያ ለቡና እርሻዎቿ አዲስ ዘር ትፈልግ ስለነበር ከማጂ አካባቢ ዘር እንዲላክላት ጠየቀች። ጌሻ ከሚባለው ስፍራ የተለቀመው ዘር ኬንያ ውስጥ ኪታሌ ደረሰ፤ መዝገብ ያዡም በመጣበት አገር ስም ጠራው። የጫካ ዛፎች እርስ በርስ ስለሚለያዩ፣ ከዚያ የተላከው ዘር ከመነሻው አንድ ዓይነት ዛፍ አልነበረም፤ ስሙ ግን አንድ ሆነ። ከ1936 ጀምሮ ዘሩ ወደ ኡጋንዳና በታንጋኒካ (በዛሬዋ ታንዛኒያ) በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ወዳለው የሊያሙንጉ ምርምር ጣቢያ ተሻገረ፤ ከዚያ ከተመረጡት አንዱ ቪሲ 496 ተብሎ ተመዘገበ።

ሁለት ዓመት ውስጥ የሆኑትን ነገሮች ጎን ለጎን ማየት ነው። በ1935 ሐምሌ ፈረንሳይ የወይን ስምን ከመሬቱ ጋር የሚያስር ሕግ አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ በተወሰነው አፈር ላይ ያልበቀለ፣ በተወሰነው ደንብ ያልተጠመቀ ወይን የዚያን አፈር ስም በጠርሙሱ ላይ መለጠፍ አይችልም። በዚያው ዓመት፣ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። የጌሻ ዘር ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ ሲጓዝ፣ ዘሩ የወጣበት አገር ለሉዓላዊነቱ እየተዋጋ ነበር፤ ስለ ስም መብት የሚያስብበት ፋታ አልነበረውም።

የሮማኔ ኮንቲም ወይን በዚያው ዘመን ክፉኛ ተፈትኗል። ከአሜሪካ የመጣው ፊሎክሴራ የተባለ የሥር ነፍሳት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይን ወይን ካወደመ በኋላ እንኳ ይህች ቁራጭ አሮጌ ሥሮቿን በብዙ ወጪ አቆይታ ነበር። ከ1945 አዝመራ በኋላ ግን ተነቀሉ። በአሜሪካ የወይን ሥር ላይ የተቀጠለ አዲስ ተክል ተተከለ፤ በስሟ እንደገና ወይን የተጠመቀው በ1952 ነው። ተክሉ ተነቅሎ፣ ሥሩ ባዕድ ሆኖ፣ ስሙ ግን ከአፈሩ አልተነቃነቀም። የጌሻ ዕጣ የዚህ ግልባጭ ነው፦ አፈሩ ባለበት ቀረ፣ ስሙ ዘሩን ተከትሎ ኮበለለ።

በ1953 ከሊያሙንጉ የተላከው ዘር በኮስታሪካ ቱሪያልባ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ቲ 2722 በሚል ቁጥር ገባ። በ1960ዎቹ ከዚያ ወደ ፓናማ ተሻገረ። ሰዎቹ የፈለጉት ጣዕሙን አልነበረም፤ የቡና ቅጠል ዋግን በመጠኑ ይቋቋማል ስለተባለ ነው። ገበሬው ግን አልወደደውም። ዛፉ ረጅም ነው፣ ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል፣ ምርቱ ትንሽ ነው። በየእርሻው ዳር ዳር ጥቂት ጥቂት ዛፍ ቀርቶ ተረሳ።

በዚሁ ጊዜ እኛም አገር ዘር ፈላጊው በዝቶ ነበር። በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን፣ በ1966 ደግሞ ኦርስቶም የተባለው የፈረንሳይ ምርምር ተቋም ሰዎች ጫካውን ዞረው ዘር ሰብስበው ሄዱ። ወይናቸውን ከአፈሩ ለይተው የማያዩት ፈረንሳዮችም ከዚህ ሲመጡ የወሰዱት ዘሩን ነው።

በ1967 በጅማ መልኮ የቡና ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ የቡና ፍሬን በዛፉ ላይ እያለ አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ አገር ውስጥ ገባ። ተመራማሪዎች በሽታው ጠራርጎ ባለፈበት እርሻና ጫካ መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች አንድ በአንድ እየለዩ ዘራቸውን ሰበሰቡ። በ1974 ከኢሉባቦር የተመረጡት ዛሬም ገበሬው በቁጥራቸው የሚጠራቸው ናቸው፦ 74110፣ 74112፣ 74158። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታሉ። አንድን ዛፍ ከሺዎች ለይቶ መያዝ ምን ያህል እንደሚያዋጣ እነዚህ ቁጥሮች ይመሰክራሉ፤ ለዚያ ጊዜ ግን ልየታው ለበሽታ ነበር፣ ለስኒ አልነበረም።

ከዚያ የሰፋፊ እርሻ ዘመን መጣ። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ በበቃ፣ ከዚያም ተፒ፣ በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ተስፋፉ። በበቃ ይዞታው 10,000 ሄክታር ገደማ ሲሆን በአገሪቱ ትልቁ የቡና እርሻ ነው። ከፍታው ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ900 እስከ 1,200 ሜትር ነው፤ ሙቀቱ ፍሬውን ቶሎ ያበስለዋል። ከፍ ባለ፣ በቀዘቀዘ ስፍራ የሚያድግ ፍሬ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ ስኳሩና ሽታ የሚሰጡት ነገሮች በዚያ ጊዜ ይጠራቀማሉ። የበበቃ ቡና ጉልበት ያለው፣ ለስለስ ያለ፣ ቅመም ቅመም የሚል ነው፤ የአበባ ሽታ ግን ከርሱ አይጠበቅም። በዓለም ገበያ የደቡብ ምዕራብ ስም ለረጅም ጊዜ የታወቀው በነዚህ የቆላ እርሻዎች ነው። በበቃ በ2013 ሆራይዘን ፕላንቴሽን ወደተባለ የግል ኩባንያ ተዛወረ።

ጌሻ የተረሳችበት ዘመን ያበቃው በ2004 ነው። በፓናማ ቦኬቴ የፒተርሰን ቤተሰብ ሃሲየንዳ ላ ኤስመራልዳ የተባለ እርሻ ነበረው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽም ሃራሚዮ የሚባል ሌላ ይዞታ ጨምሮ ገዛ። እዚያ የተነሣ የቅጠል በሽታ ሌላውን ቡና ሲያራግፍ ጌሻው ተቋቁሞ ቆመ፤ ቤተሰቡም ዘሩን ቀድሞ ከነበረበት ወደ ከፍተኛው ዳገት አወጣው። ከዚያ ዳንኤል ፒተርሰን አንድ ቀላል ነገር አደረገ። የእርሻውን ቡና በአንድ ላይ ከማቀላቀል ይልቅ የየጥጉን ለቅሞ፣ ለብቻ አጥቦ፣ ለብቻ አድርቆ፣ በየስኒው ለብቻ ቀመሰ። ከስኒዎቹ አንዷ ቡና አልመሰለችም፤ የጠምበለል አበባና የቤርጋሞት ሽታ፣ የኮክና የማር ጣዕም ነበራት። ከዳገቱ ጫፍ የመጣችው ጌሻ ነበረች።

በዚያ ዓመት የፓናማ ምርጥ ቡና ውድድር ላይ ቀረበች፣ አሸነፈች፣ በጨረታም አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ 21 ዶላር አወጣ። ተራ ቡና በዓለም ገበያ በፓውንድ ከአንድ ዶላር በታች የሚሸጥበት ወቅት ነበር። በ2007 ዋጋው 130 ዶላር ገባ። ከኪታሌ እስከ ቦኬቴ ሰባ ዓመት ያህል ይህ ጣዕም በዘሩ ውስጥ ነበረ። ያልነበረው ለብቻው የሚቀምሰው ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያ ስለ ቡናዋ ስም መሟገት ጀምራ ነበር። ከ2005 ጀምሮ መንግሥት ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ጠየቀ፤ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ውዝግብ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ከሦስቱ ስሞች ውስጥ ጌሻ የለችም። እርግጥ ነው፣ ያን ጊዜ ብትካተትም ዘግይቷል፤ ስሟ በፓናማ የመሬት ስም መሆኑ ቀርቶ የዛፍ ስም ሆኖ ነበር። በቅርብ የተደረጉ የዘረ መል ምርመራዎች እንዳሳዩት የፓናማው ጌሻ ራሱን የቻለ፣ አንድ ወጥ ዓይነት ነው፤ በዓለም ላይ ጌሻ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን አንድ ዘር አይደለም።

በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ አብዛኛው የቡና ንግድም በርሱ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ለገበሬው ዋጋውን ቶሎ እንዲሰማ፣ ገንዘቡንም በወቅቱ እንዲያገኝ ጠቅሟል። የቡናውን መነሻ ግን አጠፋው። ሥራው እንዲህ ነበር፦ ገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ለሰብሳቢው ያስረክባል፤ ሰብሳቢው መዝኖ ይከፍልና የአንዱን ጆንያ በሌላው ላይ ይዘረግፋል፤ አቅራቢው ከብዙ ሰብሳቢዎች ያጠራቀመውን ወደ መጋዘን ያስገባል፤ እዚያ ናሙና ተወስዶ፣ ተቀምሶ፣ ደረጃና የአካባቢ ምድብ ይሰጠዋል። ተፒ፣ በበቃ፣ ካፋ ምድቦች ነበሩ። ላኪው የሚገዛው ምድብና ደረጃ ነበር። የትኛው ቀበሌ፣ የማን ማሳ ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አልነበረም። ዳንኤል ፒተርሰን ቡናውን ጥግ በጥግ እየለየ በሚሸጥበት ጊዜ፣ የዘሩ አገር በአዋጅ ያቀላቅል ነበር።

አዲስ አበባ የተወለደችው ራሔል ሳሙኤልና ባለቤቷ አዳም ኦቨርተን በ2007 ስለ ኢትዮጵያ ቡና ፊልም ይሠሩ ነበር። ሥራው ወደ ደቡብ ምዕራብ ወሰዳቸው፤ ስለ ፓናማው ጌሻ ከሚያውቀው የቡና ባለሙያ ዊለም ቡት ጋርም ጎሪ ጌሻ ወደሚባለው ጫካ ገቡ። በ2011 ከጫካው ብዙም ሳይርቅ፣ በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን፣ ከሜኢኒት ሕዝብ መንደሮች አጠገብ ከ470 ሄክታር በላይ መሬት ተከራይተው ጌሻ ቪሌጅን መሠረቱ። ከፍታው ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ከጫካው ዘር ለቅመው ችግኝ አፈሉ፤ የጥላ ዛፍም ተከሉ።

በዚህ እርሻ ውስጥ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አከፋፈሉ ነው። መሬቱ በስምንት ተከፍሏል፤ ሱርማ፣ ኦማ፣ ናርሻ፣ ሻያ፣ ባንጊ፣ ጌይሊ፣ ዲማና ሸዋ ጅባቡ ይባላሉ። ዘሩም በሦስት ተለይቷል፦ ከፓናማው ጋር ቅርበት ያለው ጌሻ 1931፣ ከጫካው የመጣው ጎሪ ጌሻ፣ ከ1974ቱ የበሽታ ዘመን ምርጫ የወጣው ኢሉባቦር ፎረስት። ለቀማው ቀይ ቀዩ ብቻ ነው። ከዚያ እሸቱ ወደ ማድረቂያ አልጋው ይሄዳል፤ በየአልጋው ላይ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ዘር፣ መቼ እንደተለቀመ የሚገልጽ ወረቀት ይንጠለጠላል። ሠራተኞች ፍሬውን ቀኑን ሙሉ በእጅ እያገላበጡ የተበላሸውን ይለቅማሉ፤ ፀሐይ ሲበረታ ይሸፍኑታል። ጆንያው እስኪሰፋ ድረስ ያ ወረቀት ከቡናው አይለይም። ቡርጎኞች በድንጋይ አጥር ያደረጉትን ይህ እርሻ በወረቀት አደረገው።

በ2015 ዩኔስኮ የቡርጎኝን የወይን ቁራጮች በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የካፋና የሸካ ጫካዎች ደግሞ በ2010 እና በ2012 በዚያው ድርጅት የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ጫካው ለተፈጥሮነቱ ተከብሯል፤ ስሙን ከቡናው ጋር የሚያስር ሕግ ግን አላገኘም።

በ2017 ሁለት ነገሮች ሆኑ። ጌሻ ቪሌጅ ቡናውን በራሱ ጨረታ መሸጥ ጀመረ፤ መንግሥትም አዲስ የቡና ግብይት አዋጅ አውጥቶ መነሻው የታወቀ ቡና ከምርት ገበያው ውጭ በቀጥታ እንዲሸጥ በሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ፣ ቤንች ማጂ ዞን ኋላ በተከፈለባቸው በቤንች ሸኮና በምዕራብ ኦሞ ዞኖች ያለ አቅራቢም የቡናውን ቀበሌ በጆንያው ላይ መጻፍ ይችላል።

ዋጋው ግን ወደ ሌላ አገር መውጣቱን ቀጠለ። በ2018 ያ የመጨረሻው፣ የ1945ቱ ሮማኔ ኮንቲ አንድ ጠርሙስ ኒው ዮርክ ላይ በ558,000 ዶላር ተሸጠ። በዚያው ዓመት የፓናማ ጌሻ በፓውንድ 803 ዶላር፣ በ2019 ደግሞ 1,029 ዶላር አወጣ፤ በ2025 የላ ኤስመራልዳ ጌሻ በኪሎ ከ30,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። ወይኑ የተሸጠው በበቀለበት አፈር ስም ነው። ቡናው የተሸጠው በሌላ አገር አፈር ስም ነው።

በ2021 በሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ሚዛንና ተፒ፣ ካፋና ማጂ በአዲሱ አስተዳደር ሥር ሆኑ። በ2023 የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ደንብ ደግሞ፣ አፈጻጸሙ እየተራዘመ ቢመጣም፣ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ደንቡ የወጣው ለደን ጥበቃ ነው። ግን የሚጠይቀው መዝገብ መነኮሳቱ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የጀመሩት፣ ዳንኤል ፒተርሰን የደገመው፣ መልኮ ለበሽታ ብሎ ያደረገው ያው ልየታ ነው፦ ይህ ፍሬ ከየት መጣ?

የተሰደደውን ዘር መመለስ አይቻልም፤ የፓናማ ገበሬም የላቡን ነው የሸጠው። በጫካው ግን ስም ያልወጣላቸው፣ ለብቻቸው ያልተቀመሱ ዛፎች ዛሬም ብዙ ናቸው። ቀጣዩ ዘር ከጫካ ሲወጣ ማሳው ከነቀበሌው ተመዝግቦ፣ እሸቱ ሳይቀላቀል ደርቆ፣ በስኒ ተፈትኖ፣ ስሙ በሕግ ታስሮ ከሆነ፣ ጨረታው የትም ይካሄድ የት የሚጠራው የሚዛን፣ የሸኮ ወይም የማጂ ስም ይሆናል። ያ ሳይሆን ቀርቶ ሌላ አገር ቀድሞ ከለየው ግን የ1931ዱ ታሪክ ይደገማል፤ በዚህኛው ጊዜ በቆንስል ማሳበብ አይቻልም።